ካንሰር ከጡት ተነሥቶ አከርካሪ ላይ እንዴት ይደርሳል? ቢላ ስለነካው ነው?

የአማኑኤል ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ሰዎች መልሱልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ታላቅ እህቴ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ቆርጠው አወጡላት። «ወጥቷል፣ አለቀ» ተባለች። የወጣው ሥጋ ግን ለምርመራ አልተላከም። ከጊዜ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ አበጠ። ባሕር ዳር ወሰድናት፣ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ነው ተባለ። ጡቷ ተነሣ፣ ኬሞ ወሰደች። ደህና ሆና ነበር። አሁን ወገቤን አመመኝ ስትል ታየችና አከርካሪዋ ላይ ደርሷል አሉን።

አጎታችን «ቢላ ባይነካው ኖሮ ባልተበተነ፤ ድሮም ብያለሁ» ይላል። በየለቅሶ ቤቱ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እናቴ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን እሺ በይ ብላ የገፋፋቻት እሷ ነበረች። አሁን እህል አልቀምስ ብላለች። «ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ» ትላለች።

እስቲ አስረዱኝ። ጡትና አከርካሪን ምን አገናኛቸው? በደም ነው ይላሉ። በደም ከሆነ ደም የማይደርስበት የት አለ? ለምን እጇ ወይም እግሯ ላይ አልወጣም? አሁንስ የአጥንት ካንሰር ያዛት ማለት ነው? ከሁሉም በላይ ግን፣ የበተነው ቢላው ነው?

ጮቄ (ደብረ ወርቅ)

እግዜር ይማራት ልጄ። እናትህንም ያጽናናት።

እኔ የአጎትህን ነገር ዝም ብዬ አልጥልም። አክስቴ አንገቷ ላይ እብጠት ይዛ ስትኖር ስትኖር አንድም ቀን አላመማትም። በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ከዚያ በኋላ ወራት አልቆየችም። በሰፈራችን እንዲህ የሆነ ሰው እሷ ብቻ አይደለችም። የተማሩት «አጋጣሚ ነው» ይሉናል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያየው እንዴት አጋጣሚ ይሆናል? በቀና ልብ ነው የምጠይቀው። መልስ ያለው ይንገረኝ።

ሲስተር ከደጀን

ወንድሜ፣ ለእናትህ ዛሬውኑ ንገርልኝ፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሰበቡን የሚያውቁ ሰዎች ይመጡበታል።

እኔ ቶሎ የማሳስበው ሌላ ነገር አለኝ። እህትህን ወገቧን እንዳትታሽ። ወጌሻ ጋ እንዳትወስዷት። ካንሰር የገባበት አጥንት ውስጡ ይቦረቡራል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲጫኑት ግን ይሰበራል። ወገቡ ታሽቶ ቆሞ መሄድ ያቃተውን ሰው ተቀብያለሁ። ወጌሻው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ውልቃት መስሎት ነው። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ከጀመረው፣ በተለይ ሌሊት ሲተኛ የሚብስበት ከሆነ፣ ከመታሸት በፊት ምስል ይነሣ።

ባለማይክሮስኮፕ (ባሕር ዳር)

ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከሰው ገላ የተወሰደው ናሙና ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ በጣም በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶት መስታወት ላይ ሆኖ ይመጣልኛል። የኔ ቀን የሚያልፈው እሱን ሳይ ነው። ስለዚህ ከማየው ልጀምር።

የጡት ካንሰር ናሙና ሳይ ዓይኔ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዕጢው መሀል አይደለም፤ ወደ ዳሩ ነው። እዚያ ቀጫጭን የደምና የሊምፍ (ከሥጋ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ) ሥሮች አሉ። ጤነኛ ሥር በመስታወቱ ላይ ስስ ሮዝ ግድግዳ ያለው ክፍት ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ ግን ቀዳዳው ባዶ አይደለም። ሰባት ስምንት የካንሰር ሕዋሳት፣ ኒውክለሳቸው (የሕዋሱ እምብርት) ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ሥሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህንን ሪፖርቱ ላይ ለብቻው እንጽፈዋለን፤ የሕክምናው ውሳኔ ውስጥ ይገባል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት ሥሩ ውስጥ የገቡት ቢላ አስገብቷቸው አይደለም። ራሳቸው ገብተው ነው። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት እዚያው ነበሩ።

አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት፣ እጅ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዋስ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1975 በትለርና ጉሊኖ የተባሉ ተመራማሪዎች የጡት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ላይ ከዕጢው የሚወጣውን ደም ቀድተው ለኩ። ከአንድ ግራም ዕጢ በ24 ሰዓት ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ሕዋሳት ወደ ደም ይገባሉ። ያለ ቢላ፣ ያለ መርፌ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕጢ ነው። በሰው ላይ ቁጥሩ ከካንሰር ካንሰር ይለያያል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በየቀኑ ይለቃል። ስለዚህ ወንድሜ፣ የእህትህ ካንሰር የተበተነው በቀዶ ሕክምናው ቀን አይደለም። ዕጢው በቆየባቸው ወራት ሁሉ ሲለቅ ነበር። ጡቷ መነሣቱ ይህን ምንጭ ነው የዘጋው። እናትህ ያደረገችው ትክክለኛውን ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉዞው ልሂድ፤ ለምን አከርካሪ የሚለው ከዚያ ይወጣል።

የጡት ሕዋሳት በተፈጥሯቸው አይንቀሳቀሱም። ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤ ከሥራቸውም ስስ ሽፋን አለ። ካንሰር የሆነው ሕዋስ ይህን ማያያዣ ይቀንሳል ወይም ይጥላል። ቅርጹን ይለውጣል፤ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሽፋኑን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፣ ወይም አጠገቡ ያሉት ሕዋሳት እንዲያመነጩለት ያደርጋል። በዚህ መሀል ዕጢው ራሱ ምግብ ይፈልጋል። ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ማደግ ካለበት አዲስ የደም ሥር ያስፈልገዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን ነው ያነሣው። ዕጢው የሚያስበቅላቸው ሥሮች ደግሞ እንደ ነገሩ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ክፍተት ይበዛዋል። ሕዋሱ የሚሾልከው በዚያ ነው።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አብዛኛው ይሞታል። ይህን ሰው አያውቀውም። የደሙ ግፊትና ፍጥነት ይቀጠቅጠዋል። የተጣበቀበት ነገር ስለሌለ ራሱን በራሱ የሚገድልበት ሥርዓት ይነሣበታል። ገዳይ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያገኙታል። አይዛያ ፊድለር እ.ኤ.አ. በ1970 የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሕዋሳትን በራዲዮአክቲቭ ምልክት አድርጎ አይጦች ደም ውስጥ አስገባና ተከታተላቸው። ዕጢ ለማብቀል የበቃው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

የሚተርፉትም ብልሃት አላቸው። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ላያቸው ላይ ይለጠፉባቸውና ከነጭ የደም ሕዋስ ይሸፍኗቸዋል። ተያይዘው የሚጓዙት ደግሞ ብቻውን ከሚሄደው ይበረታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት፣ የተያያዙት ዕጢ የማብቀል አቅማቸው ከነጠላው ከ23 እስከ 50 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። መስታወቱ ላይ ያየኋቸው ሰባት ስምንት ሕዋሳት የሚያሳስቡኝ ለዚህ ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛው ሰባት ስምንት ቢሆን ነው። በጣም ቀጭኑ የደም ሥርም ከዚያ ብዙ አይሰፋም። ቀዩ ሕዋስ እየተጣጠፈ ያልፋል። የካንሰር ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ ያህል ነው። እዚያ ሲደርስ ይቀረቀራል። ከተቀረቀረበት የሥሩን ግድግዳ ፈልቅቆ ወደ ሥጋው ይወጣል። ከወጣም በኋላ ሁሉም አያድግም። አንዳንዱ ይሞታል፤ አንዳንዱ ሳይባዛ ለዓመታት ያንቀላፋል። ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል የጡት ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላ፣ እንዲያውም ከ20 ዓመት በኋላ የሚመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

የዳንግላ መምህር

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ከጡት የወጣ ደም ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ሳንባ ይገባል። በመጠን ከሆነ የሚቀረቀረው ሁሉም ሳንባ ላይ መቅረት ነበረበት። አከርካሪ ላይ እንዴት ደረሰ? የፕሮስቴት ካንሰርስ ለምን ሁልጊዜ ወገብ ላይ ይወጣል? የትልቁ አንጀት ለምን ጉበት ላይ? ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

ባለማይክሮስኮፕ

መምህር፣ ጥያቄዎ ሰዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላበጠ። ጉበት ላይ በብዛት አገኘው። ጣፊያ ላይ ግን እምብዛም። ለጣፊያም እኮ በቂ ደም ይደርሰዋል። አጥንትም ላይ ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን ትቶ ነበር። እንግዲህ ደም መድረሱ ብቻ ካልበቃ ሌላ ነገር አለ አለ። ዘርና አፈር ብሎ ጻፈው፤ የካንሰሩ ሕዋስ ዘር፣ የሚያርፍበት አካል አፈር። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በእጅ የተዘራ ጤፍ እርሻውም ላይ፣ ድንጋዩም ላይ፣ መንገዱም ላይ ይበተናል። የዘራው እጅ አንድ ነው። የቢቸና ጥቁር አፈር ያበቀለውን ያን ዘር ጮቄ ተራራ አናት ላይ ወስደህ ብትዘራው ውርጩ ይጨርሰዋል። እዚያ ገብስ ነው የሚሆነው። አፈሩ ዘሩን፣ ዘሩም አፈሩን ይመርጣል።

አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ጄምስ ዩዊንግ ደግሞ በ1920ዎቹ ተነሥቶ ተቃወመ። የደሙ መንገድ ይወስነዋል አለ። ዛሬ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው እናውቃለን።

የመንገዱን ነገር ካየን፣ ከአንጀት የሚመለሰው ደም ቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ፖርታል በሚባለው ደም መላሽ ሥር መጀመሪያ ጉበት ይገባል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ጉበት ላይ የሚወጣው በዚህ ነው። ከፊንጢጣ አካባቢ የሚነሣው ግን የታችኛው ክፍል ደም ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ የሚመለስበት መንገድ ስላለው፣ ሳንባ ላይም ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

የአከርካሪው መንገድ ለብቻው ነው። አከርካሪን ዙሪያውን የከበበ የደም መላሽ ሥሮች መረብ አለ። ኦስካር ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1940 ነው አሠራሩን ያሳየው። እነዚህ ሥሮች እንደ እግር ሥሮች ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ በር የላቸውም። ሰው ሲያስል፣ ሲያምጥ፣ ከባድ ነገር ሲያነሣ ሆድና ደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ደሙ ወደ መረቡ ይገባል። የዳሌ ሥሮች ከሱ ጋር ይገናኛሉ፤ የፕሮስቴቱ መንገድ ይኼ ነው። የጎድን አጥንት ሥሮችም ይገናኛሉ፤ የጡቱ መንገድ ይኼ ነው። ሳንባን ሳይነኩ ቀጥታ አከርካሪ መድረስ ይቻላል። ሳንባን አልፈው የሚሄዱም አሉ። ሁሉም አይቀረቀርም።

የአፈሩ ነገር ደግሞ አጥንት ላይ በጣም ይጎላል። የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ሰፋ ያሉና ግድግዳቸው ክፍተት ያለው ነው። ደሙ ቀስ ይላል፤ ሕዋሱ በቀላሉ ይወጣል። መቅኔው የሚያመነጨው ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ፕሮቲን አለ። ብዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ይህን የሚቀበል ሲኤክስሲአር4 የሚባል ተቀባይ ላያቸው ላይ አላቸው። ወደዚያ ይሳባሉ። ሲደርሱ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት የሚቀሰቅስ ነገር ያመነጫሉ። አጥንት በሁላችንም ገላ ውስጥ ይፈርሳል፣ ይሠራል። እዚህ ግን ማፍረሱ ይበልጣል። ሲፈርስ በአጥንቱ ውስጥ ተከማችተው የነበሩ የሚያሳድጉ ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ። ካንሰሩ በነሱ ያድጋል፤ አድጎ ደግሞ ይበልጥ ያስበላዋል። ሲስተር «ውስጡ ይቦረቡራል» ያለችው ይህ ነው።

የአማኑኤል ልጅ፣ እጇ ወይም እግሯ ላይ ለምን አልወጣም ላልከውም ይኸው መልስ፤ እጅና እግር ጫፍ ላይ መቅኔው አዋቂ ሰው ላይ በአብዛኛው ስብ ነው። ደም የሚሠራው ቀይ መቅኔ ያለው አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ጎድን፣ የጭንና የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ስርጭቱም የሚበዛው እዚያው።

ጮቄ

ዶክተር ተከታትዬ አነበብኩ። አልዋሽም፤ ብዙው ገብቶኛል። ግን የአክስቴን ነገር አልመለሱልኝም። መርፌው ከነካት በኋላ ነው የወደቀችው።

ባለማይክሮስኮፕ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ይገባል፤ አላልፈውም።

መርፌ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ በመንገዱ ላይ ሕዋስ ሊያስቀር ይችላል። ይህ አለ። የጉበት ካንሰር ላይ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የዘር ፍሬ ካንሰር ሲጠረጠርም በቆዳው በኩል መርፌ አይገባም፤ በብሽሽት በኩል ሙሉ ለሙሉ ይወጣል። ሐኪሞች የሚጠነቀቁባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። በመርፌው መንገድ የቀረ ሕዋስ ግን አድጎ ቢገኝ እዚያው መንገዱ ላይ ነው። ሰውን በወራት የሚገድለው እሱ አይደለም።

አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አለ። ስርጭት ያልታየባቸው ከ2000 በላይ የቆሽት ካንሰር ሕሙማን ታይተዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመርፌ ናሙና የተወሰደላቸው ካልተወሰደላቸው አንሰው አልኖሩም። እንዲያውም ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። መርፌው በትኖ ቢሆን ኖሮ ይህ ተገልብጦ ይታይ ነበር።

የአክስትዎን ዝርዝር አላውቅም። አንገት ላይ የሚወጣ ንፍፊት ግን ብዙ ጊዜ ካንሰሩ የተነሣበት ቦታ አይደለም። ከግራው የአንገት አጥንት በላይ የሚወጣውን ብንወስድ፣ ከሆድ ዕቃ የሚመጣው ትልቁ የሊምፍ ቱቦ ወደ ደም የሚቀላቀለው እዚያው አጠገብ ነው። የጨጓራ ካንሰር እዚያ ይወጣል። ለሰውየው ግን የመጀመሪያው ምልክት ይመስላል፤ አያመውምም። ናሙና የሚወሰደው ያን ጊዜ ነው። ካንሰሩ ያኔ ሩቅ ሄዷል። በሰፈራችን ሰው የሚያየው መርፌውን ነው። ከመርፌው በፊት በሆድ ውስጥ ያለፈውን ጊዜ አያይም፤ እንዴት ብሎስ ያየዋል? ለዚህ ነው ወሬው በየቦታው አንድ ዓይነት የሆነው። ሰው ዘግይቶ ይመጣል፤ የመጣ ቀን ይነካል፤ ከተነካ በኋላ ይሞታል። እኔ ይህን ወሬ የምፈራው ሌላውን ሰው የበለጠ ስለሚያዘገየው ነው።

በጽኑ የሚያናድደኝ ግን የመጀመሪያው ክሊኒክ ሥራ ነው። እብጠት ቆርጦ ሥጋውን መጣል። ሥጋው ቢላክ ኖሮ ካንሰር መሆኑ ያኔ ይታወቅ ነበር፤ ዳሩ ላይ የቀረ መኖር አለመኖሩም ይታይ ነበር፤ ንፍፊቶቹም በጊዜው ይመረመሩ ነበር። ጊዜው የባከነው እዚያ ነው። እባካችሁ፣ ከማንም ሰው ገላ የወጣ እብጠት ሲኖር «ናሙናው የት ሄደ? ውጤቱ መቼ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲቆርጡ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለበት ዕቃ ውስጥ ካልገባ አትሂዱ። አታፍሩም፤ መብታችሁ ነው።

ሲስተር ከደጀን

ይህን ነገር ዶክተር በመናገርህ ደስ ብሎኛል። እኛም ጋ ሰው የተቆረጠለትን በፌስታል ቋጥሮ ከቀናት በኋላ ያመጣል። ሥጋው በስብሶ ምንም አይታይበትም። እንዲያ አድርጋችሁ አታምጡ፤ ናሙናውን በትክክል የሚያስቀምጥ ቦታ ፈልጉ።

የአማኑኤል ልጅ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። የጻፋችሁትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባትናገርም አዳምጣኛለች። ትንሽ እንጀራም ቀምሳለች።

እሺ፣ አሁን የአጥንት ካንሰር ነው የያዛት? ሐኪሙ «የጡት መድኃኒት ነው የምንሰጣት» ሲል ተምታታብኝ።

ባለማይክሮስኮፕ

የአጥንት ካንሰር አይደለም። አከርካሪዋ ላይ ያለው የጡት ሕዋስ ነው። ናሙናው እኔ ጋ ቢመጣ የማየው የአጥንት ሕዋስ ተበላሽቶ አይደለም፤ የጡት ካንሰር ሕዋስ አጥንት መሀል ተቀምጦ ነው። የተነሣበትን ቦታ ባሕርይ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ልክ ነው።

የምትጠይቁት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ በተወሰደው ናሙና ላይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተሠርቷል ወይ? ኤስትሮጅንን የሚቀበል ከሆነ ታሞክሲፈንን የመሰሉ በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች አጥንት ላይ ያለውንም ይይዙታል። ካልተሠራ ሰሙ ውስጥ ያለው ናሙና አይጣልም፤ ከዚያው ተቆርጦ ይሠራል። አጥንቱን የሚያጠነክሩ እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ሕመሙ ከበረታ የጨረር ሕክምና ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ እንኳ ያስታግሳል። የጨረሩ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። ወረፋው የት እንደሚያጥር ሐኪማችሁን ጠይቁት።

አጥንት ላይ የደረሰ የጡት ካንሰር ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልነግርህም። ግን ከሕክምና ጋር ለዓመታት የሚኖሩ አሉ፤ በተለይ አጥንት ላይ ብቻ ሲሆንና ሆርሞን ሲቀበል። ነገ ትሞታለች ብላችሁ አታልቅሱባት።

ሲስተር ከደጀን

ሕመሟን አታስችሏት። ሞርፊን ቢታዘዝላት «ሱስ ይሆንባታል» ብላችሁ አትከልክሏት። በሐኪም ልክ ሲወሰድ ሰውን ያሳርፋል። ጠበልም መሄድ ከፈለገች ትሂድ፤ መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። ብዙ አባቶች ራሳቸው «መድኃኒትሽን ውሰጂ» ይላሉ። ሰው ተሸክሟት ዳገት እንዳይወጣ ብቻ፤ አከርካሪዋ ላይ ነውና በመኪና ይሁን።

ሰላም ከቡሬ

እኔም ልጠይቅ። ደም ውስጥ ከገባ በደም ምርመራ አስቀድሞ አይታወቅም? ደግሞ እናቴን ካንሰር ይዟታል፤ ጎረቤቶች «በደሟ ስላለ ይተላለፋል» ብለው ቡና መጠጣት አቁመዋል። ሲኒዋን ለይተውባታል። አሳዘኑኝ።

ባለማይክሮስኮፕ

አይተላለፍም እህቴ። በሲኒ፣ በመሶብ፣ በአልጋ፣ በማጥባት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። የሌላ ሰው ሕዋስ ገላችን ውስጥ ቢገባ መከላከያችን ባዕድ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ፣ በኋላ ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ሰዎች ደም የወሰዱ ሕሙማንን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ደሙ በቀጥታ የተሰጣቸው ሰዎች እንኳ ካንሰር አልበዛባቸውም። ሲኒ ምን ያደርጋል? ጎረቤቶቹን ጥሪና አንብቢላቸው። ቡናውንም እዚያው አፍዪ።

የደም ምርመራውን በተመለከተ፣ አውስትራሊያዊው ቶማስ አሽዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1869 የሞተ የካንሰር ሕመምተኛ ደም ውስጥ ዕጢው ውስጥ ያሉትን የሚመስሉ ሕዋሳት አይቶ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን እነሱን ደም ውስጥ መልቀም በጣም አስቸጋሪ ሆነ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን ቀይ ሕዋሳት አሉ። የካንሰሩ ሕዋስ በዚያው መጠን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 ያንሳል፤ ምንም ላይገኝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ መሣሪያ አለ። ከ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ይለቅማቸዋል። ካንሰሩ የተሰራጨባት የጡት ሕመምተኛ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘባት በሽታው ይበልጥ ብርቱ ነው ማለት ነው። ግን ይህ የሚያገለግለው ካንሰር እንዳለበት የታወቀን ሰው ለመከታተል ነው። ጤነኛውን ሰው መርምሮ «ካንሰር አለብህ፣ የለብህም» ለማለት አይደለም። ለጡት በእጅ መዳሰስና ማሞግራፊ (የጡት ራጅ)፣ ለማኅፀን ጫፍ ደግሞ ቅድመ ምርመራው፤ አሁንም የሚሻለው እሱ ነው።

ጮቄ

ዶክተር፣ የሰፈር ሰው ሲሰበሰብ ይህን አነሣለሁ። አንድ የወንድሜ ልጅ አለች፤ ብብቷ ላይ ትንሽ ነገር ይዛ «ካልነኩት አይነካኝም» ብላ ዝም ያለች። ሰኞ ደብረ ማርቆስ አወርዳታለሁ።

የሞጣ ሰው

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። አባቴ ፕሮስቴት ነው ተብሎ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ወገቡን ካመመው ቆይቷል። ከትናንት ጀምሮ ግን እግሩ ደነዘዘ። ዛሬ ጠዋት ልደግፈው ብዬ አልቆም አለኝ። ሽንቱም ቆሟል። ዓርብ ቀጠሮ አለው። እስከዚያ ልጠብቅ?

ሲስተር ከደጀን

አትጠብቁ! ዓርብ ሩቅ ነው። ዛሬ፣ አሁን ውሰዱት። አከርካሪው ላይ ያለው ነገር ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። እግሩ ጨርሶ ሳይከዳው ከደረሳችሁ መልሶ የመሄድ ዕድል አለው። አንዴ ከከዳው በኋላ ግን መመለሱ በጣም ይከብዳል። ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ሳታጣምሙት ውሰዱት። ሰውነቱን በአንድ ላይ አንሡት። የድሮ ወረቀቱን ሁሉ ያዙ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩት ይህንን ይሁን፦ «የፕሮስቴት ካንሰር አለበት፣ እግሩ ከትናንት ጀምሮ ደንዝዟል፣ ዛሬ መቆም አቅቶታል፣ ሽንቱ ቆሟል።» ተራ ጠብቁ ቢሏችሁ መልሳችሁ ንገሯቸው።

ባለማይክሮስኮፕ

ሲስተር ያለችው ልክ ነው። ዴክሳሜታዞን ቶሎ እንዲጀመርለት ጠይቁ፤ እብጠቱን ይቀንሳል። ኤምአርአይ (የውስጥ አካል ምስል ማንሻ) ያለበት ቦታ በሪፈር ይላካል፤ ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይወሰናል። ሽንቱ በቱቦ ይለቀቅለታል፤ እሱን እዚያው ሞጣ ሆስፒታልም ሊሠሩት ይችላሉ፣ በዚያ ይጀመር።

የሞጣ ሰው

እሺ። መኪና አግኝተናል፤ ፍራሽ እያነጠፍን ነው። ባሕር ዳር ስንገባ እጽፋለሁ።